ኖቲፊኬሽኑ የት ቀረ? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ኢቨንት ("ይህ ነገር ሆነ" የሚል መልእክት) የሚልክ ሲስተም ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይጮህም። ትዕዛዙ ገብቷል፣ ክፍያው ተፈጽሟል፣ ሰርቨሩም ደህና ነው። ደንበኛው ግን ኢሜሉ አልደረሰውም። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ኮዱን ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይሄ ኢቨንት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው የት ነው? መልሱን ለማግኘት እያንዳንዱ ኢቨንት ገና ሲፈጠር መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ባለፈበት ሁሉ ያ ቁጥር ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ላይ ይጻፍ። ከሌላችሁ ዛሬውኑ ጨምሩት፤ ያለ እሱ የምታደርጉት ፍለጋ ሁሉ ግምት ነው።

አንዱ ሠርቷል፣ ሌሎቹ ዝም ብለዋል

"ትዕዛዝ ገባ" የሚለውን ኢቨንት ሦስት ሊስነሮች (ኢቨንቱ ሲመጣ የሚጠሩ ፈንክሽኖች) ይጠብቁታል እንበል። አንዱ ስቶክ ይቀንሳል፣ አንዱ ኢሜል ይልካል፣ አንዱ ሪፖርት ይመዘግባል። ስቶኩ ተቀንሷል፤ ኢሜሉም ሪፖርቱም የለም። ሪፖርቱን አትመርምሩ፣ እሱ ተራው አልደረሰውም። በኖድ ጄኤስ ሊስነሮች የሚጠሩት በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ነው። መሃል ላይ ያለው ኤረር ከወረወረ ከኋላው ያሉት አይጠሩም። ሲ ሻርፕም ላይ እንዲሁ ነው።

መፍትሄው እያንዳንዱን ሊስነር በየራሱ ትራይ ካች (ኤረር ሲነሳ በሚይዝ ኮድ) መክበብ ነው። ካቹን ግን ባዶ አትተዉት፣ እባካችሁ! አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለግሁት ችግር የተገኘው ባዶ ካች ውስጥ ነበር። ኤረሩ በየቀኑ ይነሳል፣ በየቀኑ እዚያው ይዋጣል። ቢያንስ የኢቨንቱን ቁጥርና የሊስነሩን ስም ሎግ ላይ ጻፉ። ሊስነሩ አሲንክ (ሥራው ቆይቶ የሚያልቅ) ከሆነ ደግሞ ከውጭ ያለው ትራይ ካች አይዘውም፤ ካቹ ሊስነሩ ውስጥ መሆን አለበት። ያለበለዚያ ከኖድ 15 ጀምሮ ያልተያዘ ሪጄክሽን (የአሲንክ ሥራ መክሸፍ) ፕሮሰሱን በሙሉ ይጥለዋል።

አንድ ኢሜል ሁለት ጊዜ ደረሰ

ሎጉን ክፈቱና ሰዓቱን ብቻ እዩ፦

10:02:11 ኢቨንት 4471 ኢሜል ላኪው ተቀበለ
10:02:41 ኢቨንት 4471 ኢሜል ላኪው ተቀበለ

ልዩነቱ ልክ 30 ሰከንድ ነው። አማዞን ኤስኪውኤስ (የመልእክት ወረፋ አገልግሎት) ላይ አንድ ሠራተኛ (መልእክት እያነሳ የሚሠራ ፕሮግራም) የወሰደው መልእክት ከሌሎች ተሰውሮ የሚቆየው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ 30 ሰከንድ ነው። ሥራው ከዚያ በላይ ከፈጀ መልእክቱ እንደገና ይታይና ሌላ ሠራተኛ ያነሳዋል። ስለዚህ ጊዜውን ሥራው ከሚፈጀው በላይ አድርጉት።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። አብዛኞቹ ሲስተሞች ቃል የሚገቡት "ቢያንስ አንድ ጊዜ" ለማድረስ ነው፤ ድግግሞሽ ቀድሞውኑ የውሉ አካል ነው። የተሠራበትን ኢቨንት ቁጥር መድገም በማይፈቅድ ቴብል መዝግቡ፣ ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ ወይ አንዱም አይጻፍም)። ቁጥሩ ቀድሞ ካለ ምንም ሳትሠሩ "ጨርሻለሁ" በሉ። ኢሜልና ክፍያ ግን ከዳታቤዛችሁ ውጭ ስለሚፈጸሙ በትራንዛክሽን አይታሰሩም። እዚያ ላይ አገልግሎት ሰጪው ድግግሞሽ የሚለይበት ቁልፍ የሚቀበል ከሆነ የኢቨንቱን ቁጥር አብራችሁ ላኩለት። በተለይ ክፍያ ላይ ይህን አትዝለሉት፤ የሰው ገንዘብ ነው።

ዌብሁኩ ደርሷል፣ ላኪው ግን "አልተሳካም" ይላል

ዌብሁክ ሌላ ሲስተም ኢቨንቱን ወደ ሰርቨራችሁ የሚልክበት ጥሪ ነው። እዚህ ላይ ዘግይታችሁ ነው የመለሳችሁት። ጊትሃብ ለምሳሌ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ነው። ፊርማውን አረጋግጡ፣ መልእክቱን ወረፋ ውስጥ አስገቡ፣ ወዲያው 200 ("ደርሶኛል") መልሱ። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ይሠራል። የላኪያችሁንም ጠባይ እወቁ። የክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ በላይቭ ሞድ (በሙከራ ሳይሆን በእውነተኛ ክፍያ) ያልደረሰውን እስከ 3 ቀን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ጊትሃብ ግን በራሱ አይደግምም። ያመለጣችሁን ራሳችሁ ማስደገም አለባችሁ።

ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ተመልሶ ይወድቃል

ሁሉም ላኪ በአንድ ጊዜ ሪትራይ እያደረገ ነው። ክፍተቱን 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያላችሁ አርዝሙት። በላዩም ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ጨምሩበት፤ እሱ ከሌለ አብረው የወደቁት አብረው ይመለሳሉ።

ሁሉም ኤረር አይደገምም። 503 (ሰርቨሩ ለጊዜው አልቻለም) ከሆነ ጠብቃችሁ ሞክሩ። 429 (ጥያቄ አበዛችሁ) ከሆነ ሰርቨሩ "ይህን ያህል ቆዩ" ብሎ ሊነግራችሁ ስለሚችል የምላሹን ሄደር አንብቡ። 400 ከሆነ መልእክቱ ራሱ የተበላሸ ነውና መቶ ጊዜ ብትልኩት ለውጥ የለውም። የአፕል ፑሽ (ወደ አይፎን ኖቲፊኬሽን የሚልከው አገልግሎት) 410 ከመለሰ ያ ቶክን (የስልኩ መላኪያ አድራሻ) አይሠራም፤ ከዳታቤዝ አውጡት።

ዳታቤዙ ያውቃል፣ ኢቨንቱ ግን አልወጣም

ሴቭ ባደረጋችሁና ኢቨንቱን በላካችሁ መካከል ፕሮሰሱ ሞቷል። ኢቨንቱን በዚያው ትራንዛክሽን "የሚላኩ" በሚል ቴብል ጻፉት፤ ሌላ ፕሮሰስ እያነበበ ይልካል። አውትቦክስ የሚባለው ይህ ነው።

አንድ መልእክት ወረፋውን ይዞ ቀረ

ይወድቃል፣ ይመለሳል፣ ይወድቃል። ከ5 ሙከራ በኋላ ወደ ዴድ ሌተር ወረፋ (ያልተሳኩ መልእክቶች ለብቻ የሚቆዩበት) ይውጣ። እዚያ አንድ መልእክት እንኳ ሲገባ አላርም ይምጣላችሁ፤ ማንም የማያየው ዴድ ሌተር ከባዶ ካች አይለይም። ኮዱን ካስተካከላችሁ በኋላ ሁሉንም በአንዴ አትመልሱት። መጀመሪያ አንዱን ብቻ መልሱ፣ ቁጥሩን ሎግ ላይ እስከ መጨረሻው ተከተሉት፣ ኢሜሉም መድረሱን ቼክ አድርጉ። ከዚያ የቀረውን ልቀቁት።