ጡረታ ሲቃረብ፦ ሥራ መቀጠል ወይስ የራስን መጀመር?

60 ዓመት ሊሞላዎት ሦስት ዓመት ያህል ከቀረዎት ጥሩ ጊዜ ላይ ነዎት። ሦስት ወር ከሆነ ግን ቶሎ ቶሎ ያንብቡ።

መጀመሪያ እስክሪቢቶ ይያዙ። የጡረታ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ከነበረ፣ በወር 6,600 ብር። የትራንስፖርትና የቤት አበል ሒሳቡ ውስጥ የለም።

የግል ድርጅት ሠራተኞች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። የእነሱ ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሠሩት ዘመን ላይቆጠር ይችላል። 15 ዓመት ብቻ ከተያዘልዎት ድርሻዎ 36.25 በመቶ ነው።

ቀጥሎ ፋይልዎን ያስፈትሹ። ዕድሜዎ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሞሉት ቅጽ ነው፤ አሁን የልደት ቀን ላስተካክል ቢሉ የሚሰማዎት የለም። ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው ከሆነ የአገልግሎት ማስረጃውን አሁኑኑ ያምጡ። መዝገብ ቤቱን የሚያውቁት ሰዎችም ጡረታ ይወጣሉ።

ሥራ መቀጠል ከፈለጉ ቀድመው ለአለቃዎ ይንገሩ። ማራዘም የመሥሪያ ቤቱ ፍላጎት እንጂ የሠራተኛው መብት አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «ልቆይ» ሳይሆን «ይህን ሥራ ማን ይረከበኛል?» ቢሆን ያዋጣል። በኮንትራት የሚቀጥሉ ከሆነ ደግሞ አበልዎ ምን እንደሚሆን ከመፈረምዎ በፊት የጡረታ ቢሮውን ይጠይቁ።

የራስ ሥራ ካሰቡ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ በትንሹ ይሞክሩት። ጡረታ ሲባል ብዙ ሰው ወደ ዶሮ ነው የሚሮጠው። እንቁላል ይወደዳል፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ምን ችግር አለው? ችግሩ ቀለቡ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ገዝተው እንቁላል የሚያዩት አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው። በመሃል ከሦስት ወር በላይ ገንዘብ ይወጣል እንጂ አይገባም። መጣል የጀመረች ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ 50 ዶሮ ማለት በቀን 6 ኪሎ መኖ ነው። ያንን በሰፈርዎ ዋጋ ያባዙት። ክትባትና የሚሞተውን አይርሱ። ሒሳቡ ካስፈራዎት በ10 ዶሮ ይጀምሩ። ማን ማታ እንደሚዘጋባቸው፣ ለቅሶ ሲሄዱ ማን ውሃ እንደሚሰጣቸው ያኔ ይታወቃል።

እኔ ብሆን ዶሮውን ትቼ ያወቅሁትን እሸጥ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ለሱቆች መዝገብ መያዝ ይችላል፣ መምህር ያስጠናል። ኪራይ የለው፣ መኖ የለው።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ለቤት ጥገና ያስቀመጡትንና የዕቁቡን ዕጣ አንድ ላይ አያፍስሱ። ለዘመድ «አብረን እንሥራ» ብለው የሚሰጡት ገንዘብም በወረቀት ይሁን፤ ቅር የሚለው ሰው ቅር ይበለው።

ንግድ ፈቃድ የሚያወጡት ሙከራው ካዋጣ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ሥራውን ካቆሙ ደግሞ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ አይርሱት። ሄደው ይመልሱ፣ ክሊራንስም (ዕዳ እንደሌለብዎት የሚገልጽ ማስረጃ) ይቀበሉ፤ አለበለዚያ ያልሠሩበት ዓመት ግብር ከነቅጣቱ ቤትዎ ድረስ ይመጣል።