በጭብጨባ ብቻ የገደልን ርቀት እንዴት እንለካለን?

ልጅ ሳለን ገደል ስር ቆመን ስማችንን ስንጣራ ማዶ ያለችው ማሚቶ ትመልስልን ነበር። ስሟ ሁሌም ይገርመኛል፤ የሰፈር ልጅ ስም ይመስላል። የሌሊት ወፍ በድቅድቅ ጨለማ ነፍሳት የምታድነው በዚችው ማሚቶ ነው። እኛም ያለ ሜትር ርቀት ልንለካባት እንችላለን።

የሚያስፈልገው ሁለት እጅና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ነው። ጓደኛ ከተገኘ ይሻላል። አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል።

መጀመሪያ ፊት ለፊቱ ገደል ወይም ሰፊ የሕንጻ ግድግዳ ያለበት ገላጣ ቦታ ፈልጉ። ነፋስ የሚበዛበትን ቀን ተዉት። ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ 100 ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ከ17 ሜትር በታች ከቀረባችሁ ድምፁ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል፣ ጆሯችንም ከጭብጨባው አይለየውም።

አሁን አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡና ዝም በሉ። ማሚቶዋን ከለያችኋት በኋላ ሳታቋርጡ አጨብጭቡ። ማሚቶዋ በሁለት ጭብጨባ መካከል እኩል እስክትገባ ፍጥነታችሁን አስተካክሉ። ጧ፣ ማሚቶ፣ ጧ፣ ማሚቶ። ከጭብጨባው ጋር እኩል እንድትመጣ ለማድረግ አትሞክሩ፤ የራሳችሁ እጅ ይሸፍናታል።

ምቱ ሲረጋ ሰዓቱን አስነሱ። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ሰዓቱን ያስነሳችሁበትን ጭብጨባ «ዜሮ» በሉት እንጂ «አንድ» አትበሉት። «አስር» ላይ አቁሙ። የወጣውን ሰከንድ በ8.5 አባዙት፤ ርቀቱን በሜትር ይሰጣችኋል። 20 ሰከንድ ከፈጀ ገደሉ ያለው 170 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

8.5 ከየት መጣ? 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እሱን ለ10 አካፈልነው፣ ምክንያቱም የቆጠርነው አስር ምት ነው። ማሚቶዋ የምትመጣው በምቱ አጋማሽ ስለሆነ እንደገና ለ2 አካፈልን። ድምፁ የሄደው ደርሶ መልስ ስለሆነ አሁንም ለ2። ቆላ ላይ ከሆናችሁ 340ውን ከፍ አድርጉት፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከፍታው ራሱ ግን ለውጥ አያመጣም ማለት ይቻላል።

የራስ ድምፅ ማሚቶን የመሸፈኑ ጣጣ የሌሊት ወፍንም ያስቸግራታል። መፍትሔዋ ግን ከኛ ይበልጣል። ስትጮህ ጆሮዋ ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ተኮማትሮ የራሷን ጩኸት ያፍንላታል፤ ማሚቶው ከመድረሱ በፊት ይላላል። ወደ ነፍሳቱ ስትጠጋ ማሚቶው ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ጩኸቷን ታሳጥራለች። መጨረሻ ላይ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ የሚጮሁ አሉ። አብዛኛው ጩኸታቸው ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ስለሆነ እኛ አንሰማውም።

መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ሴንሰርም ያው ነው። የምትጮኸውም የምታዳምጠውም አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ናት። ከጮኸች በኋላ ለአፍታ መንቀጥቀጧን ስለማታቆም፣ በጣም የተጠጋትን ነገር ማሚቶ አትሰማም። ስለዚህ ሴንሰሩ ዝም ቢልም መስታወት ማየቱን አትተዉ።