የሴሪ ኤን የውድድር ዓመት በደብተር መከታተል፦ የናፖሊ 2024/25 ሒሳብ

በጣሊያን ከፍተኛው የእግር ኳስ ሊግ፣ በሴሪ ኤ፣ 20 ክለቦች 38 ሳምንት ይጫወታሉ፤ 19ኙን በሜዳቸው፣ 19ኙን ከሜዳቸው ውጪ። ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም እኩል ይሆናል። እስከዚያው ግን አንዱ ክለብ ከባድ ጉዞዎቹን ጨርሶ፣ ሌላው ገና ሊጀምራቸው ይችላል። የደረጃ ሰንጠረዡ ነጥቡን ብቻ ደርድሮ ያሳያል እንጂ ይህን አይነግራችሁም።

ለዚህ የሚሆን አንድ የቆየ የጣሊያኖች ስሌት አለ፤ ስሙ ሜዲያ ኢንግሌዜ፣ ማለትም "የእንግሊዝ አማካይ" ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን በሜዳው ማሸነፍ፣ ከሜዳው ውጪ ቢያንስ አቻ መውጣት አለበት። ስሌቱ የተለመደው ለድል 2 ነጥብ ይሰጥ በነበረበት ዘመን ነው። ሴሪ ኤ ከ1994/95 ጀምሮ 3 ነጥብ ስለሚሰጥ ቁጥሮቹን ማስተካከል ግድ ይላል። ያልተስተካከለውን የድሮ ስሌት ከያዛችሁ ድምሩ ከሰንጠረዡ ጋር አይገጥምም።

የተስተካከለው እንዲህ ነው። በሜዳ ድል 0፣ በሜዳ አቻ −2፣ በሜዳ ሽንፈት −3። ከሜዳ ውጪ ድል +2፣ አቻ 0፣ ሽንፈት −1። በሌላ አነጋገር ከሜዳ ጨዋታ 3 ነጥብ፣ ከውጪው 1 ነጥብ እንጠብቃለን፤ የምንመዘግበው ከዚያ የተረፈውን ወይም የጎደለውን ነው። በዓመት 57 ሲደመር 19፣ 76 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት በደብተራችሁ ያለው ድምር ላይ 76 ስትጨምሩ የክለቡን ትክክለኛ ነጥብ ካላገኛችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ደብተሩን ስትከፍቱ ለክለባችሁ አንድ ገጽ፣ ለዋናው ተፎካካሪ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ገጽ ያዙ። ዓምዶቹ ሳምንት፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ሜዳ ("ሜ" ወይም "ው")፣ ውጤት፣ ነጥብ፣ ልዩነት እና ድምር ናቸው። ዳር ላይ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ፤ ጉዳት፣ ቅጣትና በሳምንቱ አጋማሽ የተደረገ ጨዋታ እዚያ ይጻፋል።

አሁን በእውነተኛ ውጤት እንየው። ናፖሊ 2023/24ን በ53 ነጥብ 10ኛ ሆኖ ጨርሶ፣ አንቶኒዮ ኮንቴን አሠልጣኝ አድርጎ 2024/25ን ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ቬሮና ሄዶ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ሰንጠረዡ ላይ ውርደት ነው፤ በደብተሩ ግን −1 ብቻ። ቦሎኛንና ፓርማን በሜዳው አሸነፈ፣ 0 እና 0። ካሊያሪን እዚያው ሄዶ 4 ለ 0 ረታ፣ +2። ድምሩ በአራተኛው ሳምንት +1 ሆነ። በቱሪን ከጁቬንቱስ ጋር 0 ለ 0 መውጣቱ ምንም አልቀነሰበትም። በኋላ ኤምፖሊንና ሚላንን በየሜዳቸው ሲያሸንፍ +5 ደረሰ። ከዚያ አታላንታ ወደ ናፖሊ ከተማ ኔፕልስ መጥቶ 3 ለ 0 ሲረታው −3 ተጻፈና ድምሩ ወደ +2 ወረደ። እንዲህ ዓይነቱን መስመር በቀይ አስምሩበት፤ በሜዳ መሸነፍ ከውጪ ሽንፈት ሦስት እጥፍ ያስከፍላልና። ላዚዮም በዲሴምበር እዚያው መጥቶ 1 ለ 0 አሸንፎ ሌላ −3 ጥሎ ሄደ።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ናፖሊ 44 ነጥብ፣ በደብተር +7 ነበረው። እዚህ ላይ ማጣሪያ አድርጉ፦ እስከዚያ 9 ጊዜ በሜዳው፣ 10 ጊዜ ከሜዳው ውጪ ተጫውቷል፤ 27 ሲደመር 10፣ 37፤ 7 ሲጨመር 44። ገጠመ።

ከፍተኛው ድምር የተመዘገበው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ሰባት ተከታታይ ድል፣ ድምሩ +9። ቀጥሎ አምስት ጨዋታ ያለ ድል መጣ፦ ሮማ ላይ 1 ለ 1 (0)፣ ከኡዲኔዜ ጋር በሜዳው 1 ለ 1 (−2)፣ ላዚዮ ላይ 2 ለ 2 (0)፣ በኮሞ 2 ለ 1 ሽንፈት (−1)፣ ከኢንተር ጋር በሜዳው 1 ለ 1 (−2)። ከ+9 ወደ +4። ይህን መቀዛቀዝ የክንፍ አጥቂው ክቫራትስኬሊያ በጃንዋሪ ወደ ፓሪ ሴንት ዠርሜን በመሄዱ ብቻ ማመካኘት ይቀናል። ቀኖቹን ግን ተመልከቱ፤ ናፖሊ አታላንታን በቤርጋሞ፣ ጁቬንቱስን በሜዳው ያሸነፈው ተጫዋቹ ከሄደ በኋላ ነው። ይልቁንም በፌብሩዋሪ ዳር ላይ የተጻፉትን ጉዳቶች አንብቡ፤ በክቫራትስኬሊያ ቦታ የነበረው ኔሬስም ያኔ ነው የተጎዳው። ዳሩን ባዶ ተዉ ያልነው ለዚህ ነው።

የስሌቱ ጥቅም ቁልጭ ብሎ የታየው በ37ኛው ሳምንት፣ ሜይ 18 ቀን 2025 ማታ ነው። ናፖሊ በፓርማ 0 ለ 0 ወጣ፤ በዚያው ሰዓት ኢንተር በሜዳው ሳን ሲሮ ከላዚዮ ጋር 2 ለ 2 ነጥብ ተጋራ፣ የላዚዮው ፔድሮ በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አድርጎ። ሰንጠረዡ 79 ለ 78 ነበር፣ ከጨዋታው በፊት እንደነበረው የ1 ነጥብ ልዩነት። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። ከጨዋታው በፊት ናፖሊ +6፣ ኢንተር +5 ነበሩ። የናፖሊ አቻ ከሜዳ ውጪ በመሆኑ 0፣ የኢንተር በሜዳ በመሆኑ −2። ስለዚህ ምሽቱ ሲያልቅ +6 ለ +3 ሆኑ፤ ለናፖሊ የቀረው ጨዋታ በሜዳው፣ ለኢንተር ከሜዳው ውጪ ነበርና። ሜይ 23 ናፖሊ ካሊያሪን በማክቶሚናይና በሉካኩ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ፣ ኢንተርም ኮሞን በኮሞ 2 ለ 0። መጨረሻው 82 ለ 81፣ ወይም +6 ለ +5።

ስሌቱ የማያየው ነገር አለ። ተጋጣሚው ደካማው ሞንዛ ይሁን ጠንካራው ኢንተር አይለይም፤ ድካምንም አይቆጥርም። በዚያ ዓመት ናፖሊ በአውሮፓ ውድድር ስላልነበረ ከጣሊያን ዋንጫ (ኮፓ ኢታሊያ) ጋር 41 ጨዋታ ብቻ አደረገ። ኢንተር እስከ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ድረስ 59 ተጫውቷል። የ18 ጨዋታ ልዩነት በየትኛውም ነጥብ አይመነዘርም፣ ግን ዳር ላይ ካልተጻፈ የሜይ ወር ውጤቶች ትርጉም ያጣሉ።

ድምሩ ምን ያህል ሲሆን ይበቃል? ለስኩዴቶ፣ ማለትም ለሊጉ ዋንጫ፣ +6 ዝቅተኛው ላይ ያለ ነው፤ ናፖሊ በ2022/23 በ90 ነጥብ (+14)፣ ኢንተር በ2023/24 በ94 (+18) ነው የወሰዱት። ለአራተኛ ደረጃ፣ ማለትም ለቻምፒየንስ ሊግ፣ −6 እና −7 አካባቢ በቅርብ ዓመታት በቅቷል። ላለመውረድ የሚታገል ክለብ ከሆነ ይህን ስሌት ተዉት፤ ድምሩ −40 ሲገባ ምንም አይናገርም። ለእነሱ በጨዋታ አንድ ነጥብ የሚለው ይሻላል፦ በ2024/25 ሊቼ በ34 ተረፈ፣ ኤምፖሊ በ31 ወረደ። ሆኖም በ2018/19 ያው ኤምፖሊ 38 ይዞ መውረዱን አትርሱ።

ደብተር የሚያበላሹ የተለመዱ ስህተቶች አሉ። ዋናው ተስተካካይ ጨዋታን አስቀድሞ እንደ ድል መቁጠር ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 2024 የፊዮረንቲና እና የኢንተር ጨዋታ የፊዮረንቲናው ተጫዋች ቦቬ ሜዳ ላይ በመውደቁ ገና በ17ኛው ደቂቃ ገደማ ተቋረጠ፤ ፌብሩዋሪ 6 ከቆመበት ደቂቃ ሲቀጥል ኢንተር 3 ለ 0 ተሸነፈ። እስኪጠናቀቅ ድረስ መስመሩን ባዶ ተዉት፤ ሲጠናቀቅ መጀመሪያ በተመደበበት ሳምንት ቦታ ሳይሆን በተጨረሰበት ቀን ጻፉት፣ አለዚያ የድምሩ ቅደም ተከተል ይዛባል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዙር መርሃ ግብር ገልብጦ ለሁለተኛው መጠቀም ነው። ከ2021/22 ጀምሮ የሁለቱ ዙሮች ቅደም ተከተል አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱን ሳምንት ከወጣው መርሃ ግብር ቅዱ። ሦስተኛው የነጥብ ቅነሳ ነው። በ2022/23 ጁቬንቱስ በጃንዋሪ 15 ነጥብ ተቀንሶበት፣ በኤፕሪል ተመልሶለት፣ በሜይ ደግሞ 10 ተቀነሰበት። እንዲህ ያለውን በሜዳ ውጤት ውስጥ አትደባልቁት፤ ለብቻው መስመር ስጡት።

እኩል ነጥብ ሲመጣ ብዙዎች ወደ ጎል ክፍያ ይሮጣሉ። በሴሪ ኤ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት ነው፣ ከዚያ በእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ያለው የጎል ልዩነት፣ አጠቃላይ የጎል ክፍያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2024/25 ፊዮረንቲናና ላዚዮ በ65 ነጥብ ሲጨርሱ ፊዮረንቲና 6ኛ የሆነችው ሁለቱንም ጨዋታ 2 ለ 1 ስላሸነፈች ነው፤ ላዚዮ ከአውሮፓ ውጪ ቀረች። ከ2022/23 ወዲህ ግን ዋንጫውና የመውረድ ጠርዝ (17ኛ እና 18ኛ) ላይ እኩልነት ከመጣ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ይደረጋል፣ ጭማሪ ሰዓት የለውም፣ ከ90 ደቂቃ በኋላ ቀጥታ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ቬሮና ስፔዚያን በጁን 2023 3 ለ 1 አሸንፎ የተረፈው በዚህ ነው። በሜይ 23ም ናፖሊ ተሸንፎ ኢንተር አቻ ቢወጣ 79 ለ 79 ሆነው ወደዚያው ይሄዱ ነበር።

ቢጫ ካርድን ለራሳችሁ ክለብ ብቻ መዝግቡ። አራት ያለው ተጫዋች ጣሊያኖች ዲፊዳቶ ይሉታል፤ አምስተኛው አንድ ጨዋታ ያስቀጣዋል። ቀጣዩ ቅጣት በ10ኛው፣ ከዚያ በ14ኛው፣ በ17ኛው፣ በ19ኛው ይመጣል። የኮፓ ኢታሊያ ቢጫ ለብቻ ነው የሚቆጠረው።

ከኢትዮጵያ ለምትከታተሉ ሰዓቱ ራሱ አንድ ስህተት ነው። በጣሊያን የምሽቱ 20፡45 ጨዋታ በበጋ ሰዓታቸው በእኛ ከምሽቱ 3፡45፣ በክረምት ሰዓታቸው 4፡45 ነው። የእሑዱ 12፡30 ጨዋታ ከቀኑ 7፡30 ወይም 8፡30፣ የ15፡00ው 10፡00 ወይም 11፡00፣ የ18፡00ው ከምሽቱ 1፡00 ወይም 2፡00 ይሆናል። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በኦክቶበር እና በማርች የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ሁለቱን ቀኖች በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ጻፏቸው።