ገና ሴቭ ያልተደረገ ረቂቅ በኮር ዳታ ውስጥ የት ይቀመጥ?

ተጠቃሚው «አዲስ ደንበኛ» የሚለውን ቅጽ ከፍቶ ግማሹን ሞልቷል፤ «አስቀምጥ» የሚለውን ግን ገና አልነካም። በኮር ዳታ፣ ማለትም የአፕል አፖች ዳታቸውን በሚያስተዳድሩበት ፍሬምወርክ፣ ብዙ ጊዜ የደንበኛው ኦብጀክት (መዝገቡ) የሚፈጠረው በቀጥታ ዋናው ኮንቴክስት (ለውጦች ሴቭ እስኪደረጉ የሚቆዩበት የሥራ ቦታ) ላይ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ኮር ዳታ ሴቭ ሲያደርግ ኦብጀክት አይመርጥም፤ ኮንቴክስቱ የያዘውን ለውጥ በሙሉ ነው የሚጽፈው። አፑ ወደ ጀርባ ሲሄድ ሴቭ የሚያደርግ ኮድ ካለ ያላለቀውን ረቂቅም ዲስክ ላይ ያሰፍረዋል። ግዴታ የሆነ አትሪቢዩት (የኦብጀክቱ መስክ) ባዶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ ሴቩ በስህተት ቁጥር 1570 ይከሽፋል፤ ከረቂቁ ጋር ምንም የማያገናኘው የሌላ ገጽ ለውጥም አብሮ ሳይቀመጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ፌች ሪኩዌስት (ኦብጀክቶችን ፈልጎ የሚያመጣው ጥያቄ) ካልከለከሉት በስተቀር ያልተቀመጡትንም ስለሚያመጣ ስም የሌለው ደንበኛ ዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ይላል። ሮልባክ (ያልተቀመጠን ለውጥ የሚሰርዘውን ትእዛዝ) ቢጠሩ ረቂቁን ብቻ አይደለም፣ በዚያ ኮንቴክስት ላይ ያለውን ያልተቀመጠ ለውጥ ሁሉ ይጠርገዋል።

ስለዚህ ለረቂቁ የራሱን ኮንቴክስት ይስጡት። በሜይን ኪው (የስክሪኑ ሥራ በሚካሄድበት ወረፋ) የሚሠራ አዲስ ኮንቴክስት ፈጥረው ዋናውን ኮንቴክስት ፓረንት (ወላጅ) ያድርጉለት፤ አዲሱን ደንበኛ እዚያ ይፍጠሩ። ነባር ደንበኛ የሚታረም ከሆነ በኦብጀክት አይዲው (በመለያው) ከዚሁ ልጅ ኮንቴክስት ላይ እንደገና ያምጡት፤ ከዋናው የመጣውን ኦብጀክት ራሱን ለቅጹ አይስጡ። ተጠቃሚው «ተወው» ካለ ኮንቴክስቱን መልቀቅ ይበቃል፤ የሚጸዳ ነገር የለም። «አስቀምጥ» ካለ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ፓረንቱን ሴቭ ያድርጉ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የልጁ ሴቭ ለውጡን ወደ ፓረንቱ ከማሸጋገር አያልፍምና ዳታው ስክሪን ላይ ይታያል፣ አፑ ተዘግቶ ሲከፈት ግን የለም። የጎደለ አትሪቢዩት ካለ ስህተቱ ልጁ ላይ ስለሚያዝ ዋናው ኮንቴክስት ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል።

ሦስት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። የሁለት ኮንቴክስት ኦብጀክቶችን በሪሌሽንሺፕ (አንዱን ኦብጀክት ከሌላው በሚያገናኝ መስክ) ማያያዝ አፑን ክራሽ ያደርገዋል፤ ለረቂቁ ከተማ ወይም ምድብ ሲመርጡ የተመረጠውንም በአይዲው ከልጁ ኮንቴክስት ያምጡት። አዲስ ኦብጀክት የሚይዘው አይዲ ጊዜያዊ ነው፤ ሌላ ቦታ መዝግበው ሊፈልጉት ካሰቡ ከሴቩ በፊት ቋሚ አይዲ ያስጠይቁለት። ኦብጀክቱ ደግሞ ኮንቴክስቱን በሕይወት አያቆይም፤ የቅጹ ገጽ ኮንቴክስቱን ራሱ ይያዘው።

ትራንዚየንት አትሪቢዩት ለረቂቅ አይሆንም። አትሪቢዩቱ ዲስክ ላይ አይጻፍም እንጂ ኦብጀክቱ ከነሌላው መስኩ ይጻፋል። ጥቅሙ ከሌሎች መስኮች ተሰልቶ ለሚገኝ ወይም «ተመርጧል» ለሚል ምልክት ነው፤ ኦብጀክቱ ወደ ፎልት (ዳታው ገና ወዳልተጫነ ባዶ ምትክ) ሲመለስ ዋጋው ይጠፋል፣ በኤስኪውላይት ስቶር (ዳታው ዲስክ ላይ በሚቀመጥበት ዳታቤዝ) ላይም ማጣሪያ ወይም መደርደሪያ ሊሆን አይችልም።

ቅጹ ሦስት አራት መስክ ብቻ ካለውና ሪሌሽንሺፕ ከሌለው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ተራ ስትራክት (ከኮር ዳታ ውጭ ያለ ቀላል የስዊፍት ዳታ መያዣ) ላይ ሞልተው «አስቀምጥ» ሲባል ብቻ ኦብጀክቱን ይፍጠሩ።