ቀትር በባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው? በአንድ ዘንግ ጥላ የፀሐይን ጉዞ መለካት

የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ፀሐይ አናታችን ላይ የምትሆነው መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አይዘገይም፦ «በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።» በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የዕለት ጉዞዋን የምታጋምሰውም ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም፤ እንደ ወሩ ከ6፡14 እስከ 6፡45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ዘንግ፣ ጠፍጣፋ መሬት እና ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል የሚዘልቅ ትዕግሥት ይበቃል። እግረ መንገዱን ተማሪው የምድርን መሽከርከር፣ የዛቢያዋን ማዘንበል እና የብርሃንን በቀጥታ መስመር መጓዝ በአንድ ውሎ ያገኛቸዋል። በመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱ በየምዕራፉ ተበታትነው ስለሚቀመጡ፣ የሚዛመዱ መሆናቸው ለብዙ ልጆች ሳይገለጥ ይቀራል።

የሚዘጋጁ ነገሮች

ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ዘንግ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ እና ቱንቢ ያስፈልጋሉ። ቱንቢ ካልተገኘ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ብሎን ይተካዋል። ለዘንግነት ቀጭን ፌሮ ብረት የሚስተካከለው የለም። ደንገል ከሐይቁ ዳር በነጻ ስለሚገኝ ልጆች መጀመሪያ ወደ እሱ ይሮጣሉ፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጎብጣል፤ ለታንኳ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። የትምህርት ቤቱን የሰንደቅ ዓላማ ዘንግ ለመጠቀም የሚያስቡ መምህራንም አሉ። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ዘንግ ብዙ ጊዜ ያዘነብላል፤ ጥላውም በረዘመ ቁጥር ጫፉ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ቦታው ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ጥላ የማያርፍበት ሊሾ ይሁን። የከተማችን ዘንባባዎች ለእግረኛ ባለውለታ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከእነሱ መራቅ ነው። ሊሾ ከሌለ የተደለደለ መሬት ይሆናል፤ ዋልካ አፈር ግን ስለሚሰነጣጠቅ ዘንጉን ያናጋዋል። ዘንጉን በቀጥታ መሬት ውስጥ ከመትከል አሸዋ በተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ማቆም ይሻላል።

ልጆቹ ፀሐይን ቀና ብለው በቀጥታ እንዳያዩ አስቀድሞ ይነገራቸው። የምንለካው መሬት ላይ የሚወርደውን ብቻ ነው።

የጥላው ጫፍ የት ነው?

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዘንግ ተክላችሁ ጫፉ የጣለውን ጥላ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ጥርት ያለ ድንበር አታገኙም። ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ ግራጫው ወደ ብርሃን እየሳሳ ይሄዳል። ሦስት ልጆች ቢያመለክቱ ሦስት የተለያየ ቦታ ያመለክታሉ፤ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ምክንያቱ ፀሐይ ነጥብ አለመሆኗ ነው። ከምድር ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት፤ ስለዚህ ከአንዱ ጠርዟ የመጣው ብርሃን በዘንጉ ሲጋረድ ከሌላው ጠርዟ የመጣው ገና ያልፋል። ለ1 ሜትር ዘንግ ይህ ድብዝዝ ክልል 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 1 ሴንቲ ሜትር ደግሞ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ስሌቱን ገደል ለመክተት በቂ ነው።

መፍትሔው ጥላን ትቶ ብርሃንን መለካት ነው። የመዳፍ ስፋት ያለው ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ካርቶን ውሰዱ፤ መሐሉን በምስማር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብሱት። ከዚያም ዘንጉ ጫፍ ላይ በአግድም እሰሩት። ቀዳዳው ከዘንጉ ወጣ ብሎ ጥላው ወደሚወድቅበት ጎን ይሁን፤ አለበለዚያ ዘንጉ ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል። አሁን መሬት ላይ በካርቶኑ ጥላ መካከል ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያል። የመሐሉ ነጥብ የት እንደሆነ ለመስማማት ልጆች አይቸገሩም።

ያ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ቀዳዳውን ሦስት ማዕዘን አድርጎ ከፍ አድርጎ ይያዘው፤ ካርቶኑ ከመሬት በራቀ ቁጥር ምስሉ ክብ እየሆነ ይመጣል። በዛፍ ቅጠሎች መካከል ሾልከው መሬት ላይ የሚያርፉት የብርሃን ጠብታዎችም የፀሐይ ምስሎች ናቸው። እንደ ሰኔ 14 ቀን 2012ቱ ያለ ግርዶሽ በከፊል ሲታይ ማጭድ የሚመስሉትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘንጉ ቀጥታ መቆም ነው። ብዙ መመሪያዎች «ዘንጉን በትክክል ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ» ብለው ያልፋሉ፤ ይህን ለማለት ይቀላል። 1 ሜትር ዘንግ ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቢያጋድል 1 ዲግሪ አዘነበለ ማለት ነው። ሌሊትና ቀን በሚተካከሉበት በመጋቢት 11 አካባቢ ይህ ስሕተት ወደ ሰሜን ከሆነ መለኪያችሁ የቆማችሁት ጎንደር እንደሆነ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከዘንጉ ጋር አትታገሉ። ቱንቢውን ከቀዳዳው ላይ አውርዱና ያረፈበትን ነጥብ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከዚህ በኋላ ርዝመት ሁሉ የሚለካው ከዚያ ነጥብ ነው፤ ዘንጉ ቢያጋድልም ግድ የለም። ቀዳዳው ከመሬት በትክክል 1 ሜትር ላይ ይሁን፤ ስሌቱን እጅግ ያቀልላል። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ክሩን ካወዛወዘው ቱንቢውን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነክራችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ ጣሳውን በዝግታ አንሡት።

መሬቱ መስተካከሉን በውሃ ልክ ማየትም አይዘንጋ።

ቀትርን መያዝ

«ጥላው እጅግ ያጠረበት ሰዓት ቀትር ነው» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ለመለካት ግን አይረዳም። በቀትር አካባቢ የጥላው ርዝመት ለብዙ ደቂቃዎች የማይለወጥ እስኪመስል ድረስ ዝግ ይላል። አጥሮ የጨረሰበትን ቅጽበት ለመያዝ የሚሞክር ሰው በ10 ደቂቃ መሳሳቱ አይቀርም።

ስለዚህ ከሁለት ጎን እንከበዋለን። ቱንቢው ያረፈበትን ነጥብ መሐል አድርጋችሁ በሲባጎና በጠመኔ 1 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ሥሩ። ረፋድ ላይ የብርሃኑ ክብ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመጣ የጠመኔውን መስመር በነካበት ቅጽበት ምልክት አድርጉ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲወጣ እንደገና ምልክት አድርጉ። በታኅሣሥ አጋማሽ የመጀመሪያው 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሁለተኛው 8፡25 ገደማ ይሆናል። የሁለቱ ሰዓቶች እኩሌታ የባሕር ዳር ቀትር ነው። ሁለቱን ምልክቶች በሚያገናኘው መስመር ላይ እኩሌታውን ፈልጋችሁ ከመሐሉ ነጥብ ጋር ብታገናኙት ደግሞ እውነተኛውን የሰሜንና የደቡብ መስመር ታገኛላችሁ። የብርሃኑ ክብ በጠመኔ የተሠራውን ክብ የሚነካበት ጊዜ ሌላም ትርጉም አለው፦ የጥላው ርዝመት ከዘንጉ ጋር እኩል ስለሆነ ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ላይ ነች።

የስልክ ኮምፓስ ይህን ሁሉ ያሳጥረዋል የሚል ይኖራል። ኮምፓስ የሚያመለክተው መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው፤ ከእውነተኛው በጥቂት ዲግሪ ይለያል። በዚያ ላይ ከሊሾው በታች ያለ ብረትና በአጠገቡ ያለ የቆርቆሮ አጥር ያስተዋል። የጠመኔው መስመር ይበልጣል። ወደ ሰሜን ብታራዝሙት ሐይቁን አቋርጦ ጎንደር አጠገብ ይደርሳል፤ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ያሉ ያህል ናቸውና።

በሚቀጥለው ፀሐያማ ቀን የብርሃኑ ክብ ይህን መስመር ሲያቋርጥ ርዝመቱን ብቻ ለኩ። ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ከእንግዲህ የለም።

ግማሽ ሰዓቱ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ዋርዴር አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ያለችው 37.4 ዲግሪ ላይ ነው። ምድር 1 ዲግሪ ለመሽከርከር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የ7.6 ዲግሪ ልዩነት 30 ደቂቃ ይሆናል። ፀሐይ ዋርዴርን ካጋመሰች በኋላ እኛ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ትወስዳለች ማለት ነው። በርግጥ የምትዞረው ምድር ናት።

የቀረው የደቂቃዎች መዋዠቅ የሚመጣው የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ካለመሆኑና ዛቢያዋ ከማዘንበሉ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ቀትር 6፡14 ገደማ ይመጣል፤ በየካቲት መጀመሪያ እስከ 6፡45 ይዘገያል።

ዓመቱን በሙሉ

ሥራውን አንድ ቀን ሠርቶ መተው ይቻላል፤ ዋናው ጣዕሙ ግን በወራት ልዩነት ላይ ነው። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የ1 ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በመጋቢት 11 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያጥራል። በሰኔ 14 ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ደቡብ! ለአውሮፓ ልጆች የተጻፉ መጻሕፍት «የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ያመለክታል» ይላሉ፤ ያንኑ ገልብጦ ለባሕር ዳር ልጅ ማስተማር ስሕተት ነው። እዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጥላው ፊቱን ያዞራል።

የሚዞርባቸው ሁለቱ ቀናት ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ ናቸው። በእነዚህ ቀናት የብርሃኑ ክብ በቀትር ቱንቢው ካረፈበት ነጥብ ላይ ይወድቃል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርሙስም ጥላ አይኖረውም። ነሐሴ 16 ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነው፤ በዓሉ ያማረ፣ ሰማዩ ግን ብዙ ጊዜ ደመና ነው። ስለዚህ ሚያዝያን ያዙ፤ ትምህርት ቤትም ክፍት ነው። በአንድ ቀን ብትቀድሙ ወይም ብትዘገዩ ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

«ታኅሣሥ የሚበርደው ፀሐይ ስለምትርቅ ነው» የሚል ልጅ ካለ የ70 ሴንቲ ሜትሩን ጥላ አሳዩት። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ብርዱን የሚያመጣው ርቀቱ ሳይሆን የብርሃኑ ማዘንበልና የቀኑ ማጠር ነው።

ምድርን መለካት

ይህን ለማድረግ ሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ተባባሪ ያስፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ የእስክንድርያን ጥላ ከአስዋን ጋር አነጻጽሮ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ ዘዴ ነው። እኛ የምንመርጠው ከተማ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ወይም በስተ ደቡብ ይሁን፤ ሩቅም ይሁን። ጎንደር መስመሩ ላይ ነች፤ ግን ልዩነቷ 1 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በርዝመት ላይ የምትሠራ የ1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ውጤቱን ሲሦ ያህል ታዛባለች። አርባ ምንጭ እጅግ ትመረጣለች። ኬንትሮሷ ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በኬክሮስ ግን ከ5 ዲግሪ ተኩል በላይ ወደ ደቡብ ትርቃለች።

በታኅሣሥ 12 ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በየቀትራቸው ይለኩ። ባሕር ዳር 70.1 ሴንቲ ሜትር፣ አርባ ምንጭ 56.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማግኘት አለባቸው። ወረቀት ላይ ዘንጉን በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ጥላውን በዚያው ልክ አሳንሳችሁ ሦስት ማዕዘን ሥሩና የላይኛውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩ፤ በካልኩሌተር ቢሆን ይበልጥ ይጠራል። 35.0 እና 29.5 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። 360ን በሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት አካፍሉ፤ ከዚያም በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ቀጥታ ርቀት፣ በ615 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አባዙ። መልሱ ወደ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ሊጠጋ ይገባል።

ርቀቱ ከካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለካ እንጂ የአውቶቡስ መንገድ አይደለም። መልሱ ከ45 ሺህ በላይ ከወጣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይህ ነው፤ መንገዱ ተራራና ሸለቆ እየዞረ ስለሚሄድ ከቀጥታው እጅግ ይረዝማል። ርቀቱ ትክክል ሆኖ መልሱ ከተዛባ ግን የቀዳዳውን ከፍታ በሁለቱም ከተሞች እንደገና ለኩ፤ 1 ሜትር ነው የተባለው ዘንግ ካርቶኑ ሲታሰርበት 98 ወይም 102 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል።