በክሪኬት ኳሷ «መሞቷን» እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ፊሽካ የለመደ የእግር ኳስ ተመልካች ክሪኬት ሲያይ ግራ ይገባዋል። ኳሷ ዊኬት ጠባቂው (ከመቺው ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚይዘው ተጫዋች) እጅ ገብታለች፣ ሁሉም ዘና ብሏል። ድንገት ጠባቂው ይወረውራትና ስታምፑን (ከመቺው ኋላ የተተከሉትን እንጨቶች) ትመታለች፤ መቺው ይሰናበታል። ጨዋታው ቆሞ አልነበር እንዴ? አልቆመም። ጨዋታው ለጊዜው የሚቆመው ኳሷ «ስትሞት» ነው፤ እሷ ደግሞ ገና አልሞተችም።

መጀመሪያ ኳሷ መቼ ሕይወት እንደምትዘራ እወቁ። ወርዋሪው መንደርደር ሲጀምር ነው። ሳይንደረደር የሚወረውር ከሆነ ደግሞ የመወርወር እንቅስቃሴውን ሲጀምር።

ቀላሎቹን ቶሎ እንለፋቸው። ኳሷ ድንበር አልፋ አራት ወይም ስድስት ሩጫ (ነጥብ) ሲቆጠር፣ መቺ ሲሰናበት፣ ኳሷ መቺው ልብስ ወይም እግር መከላከያ ውስጥ ስትወሸቅ፣ ዳኛው ልብስ ውስጥ ስትገባም፦ ሞታለች።

ራስ ምታቱ ሌላው ነው። ሕጉ ኳሷ በዊኬት ጠባቂው ወይም በወርዋሪው እጅ ጨርሳ ስትረጋ ትሞታለች ይላል። ረግታለች ወይስ አልረጋችም የሚለው ለዳኛው ብቻ የተተወ ነው። ሌላም መንገድ አለ። ሜዳውን የያዘው ቡድንም፣ ሁለቱ መቺዎችም ኳሷን እንደተዉዋት በወርዋሪው በኩል ለቆመው ዳኛ ግልጽ ከሆነ ሞታለች። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን መተው አለበት። መቺው ብቻውን «አበቃ» ቢል ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ለንደን ባለው ሎርድስ ስታዲየም እንግሊዝና አውስትራሊያ ሲጫወቱ የሆነውም ይኸው ነው። የእንግሊዙ መቺ ጆኒ ቤርስቶው ከአውስትራሊያው ወርዋሪ ካሜሮን ግሪን የመጣችውን ኳስ ጎንበስ ብሎ አሳለፋት። መሬቱን በእግሩ ጫር አደረገና መቺውን ከመሰናበት ከሚጠብቀው መስመር ወጥቶ ወደ ሌላው መቺ ጓደኛው መራመድ ጀመረ። ዊኬት ጠባቂው አሌክስ ኬሪ ግን ኳሷን እንደያዘ ወዲያው ወርውሮ ስታምፑን መቷል። ቤርስቶው ተሰናበተ፣ ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ፣ አውስትራሊያም በ43 ሩጫ አሸነፈች። ጨዋነት ነው አይደለም የሚለው ክርክር አሁንም አለ። በሕጉ ግን ውሳኔው ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ኳሷ ኬሪ እጅ ላይ አልቆየችማ።

ስለዚህ መቺውን ተዉትና የጠባቂውን እጅ እዩ። ኳሷን ይዞ ዘና ብሎ ከተራመደ ወይም ለጎረቤቱ ቀስ ብሎ ካቀበለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አልቋል። እንደያዘ ከወረወረ ግን ገና ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ኳሷ ዳኛውን ብትመታ ጨዋታው ይቀጥላል። «ኖ ቦል» (ደንብ የጣሰ ውርወራ) ወይም «ዋይድ» (ከመቺው ርቃ ያለፈች ኳስ) ሲባልም አትሞትም፤ መቺዎቹ ሊሮጡ ይችላሉ፣ ሲሮጡም ሊሰናበቱ ይችላሉ።

ዳኛው ከወገቡ በታች እጆቹን እያጠላለፈ ሲፈታ ካያችሁ «ሞታለች» ማለቱ ነው። ተጫዋች ክፉኛ ሲጎዳ፣ መቺው ሳይዘጋጅ ሲወረወርበት ወይም ኳሷ ገና ሳትወረወር ከወርዋሪው እጅ ስታመልጥ ይህን ያደርጋል። ምልክቱን በየኳሱ አትጠብቁ፤ በተለመደው መንገድ ስትሞት አያሳይም።

በቪዲዮ ክለሳ ጊዜ ደግሞ አንድ መራራ ደንብ አለ። ዳኛው «ወጥተሃል» ብሎ ክለሳው ቢሽረው እንኳ ኳሷ በመጀመሪያው ውሳኔ እንደሞተች ትቆጠራለች። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የቲ20 (አጭሩ የክሪኬት ዓይነት) ዓለም ዋንጫ የባንግላዴሹ ማህሙዱላህ እግር የነካችው ኳስ ድንበር አልፋ ነበር። ዳኛው ግን አሰናብቶት ስለነበር፣ ውሳኔው ቢሻርም አራቱ ሩጫ አልተቆጠረም። ባንግላዴሽ በደቡብ አፍሪካ የተሸነፈችው በስንት ነው? በአራት።