የኤሌክትሪክ መኪና የቤት ቻርጅ ችግርና መፍትሄ፦ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ግቢዎች የሚያድሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ እኔም የቤት ሽቦ እየዘረጋሁ እኖር የነበርኩት ሰው አሁን የምጠራው በአብዛኛው ለእነሱ ነው። ቅሬታው ሁልጊዜ በገንዘብ ይጀምራል፦ «ርካሽ ነው ተብዬ ገዝቼ ፈጀችኝ»። ጥፋቱ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ከመኪናዋ አይገኝም፤ ከግድግዳው እስከ መኪናዋ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው የሚገኘው። የቆጣሪው ካርድ መሞላቱን፣ ብሬከሩ መነሣቱንና መኪናዋ ላይ የቻርጅ ሰዓት ቀጠሮ አለመያዙን አንባቢ አይቶ መጥቷል ብዬ እነሣለሁ።

ቆጣሪው ከመኪናዋ በላይ ይቆጥራል

የመኪናዋ ስክሪን 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገባ ሲል ቆጣሪው 23 ቢያነብ ማንም አልሰረቀም፤ ኃይሉን ለባትሪው እንዲስማማ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ገመዱና ባትሪው ራሱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ይበላሉ። ልዩነቱ ከዚህ ሲሰፋ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ «እንዳይጎዳት» ብሎ አምፔሩን፣ ማለትም የምትስበውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ወደ 6 ዝቅ አድርጎታል። መኪናዋ እየሞላች ሳለ ኮምፒውተሮቿ ነቅተው ስለሚያድሩ፣ ሙሌቱ በረዘመ ቁጥር የእነሱ ድርሻ ይበዛል፤ መስመሩ የሚችል ከሆነ ወደ 10 መመለስ ነው። ሌላው ምክንያት አንድ ቆጣሪ ለሦስት ተከራይ ማገልገሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ የመኪናዋ ኃይል ግቢውን በሙሉ ይዞ ይወጣል፤ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ቆይቷል። መፍትሄው የራስን ቆጣሪ ማስገባት ብቻ ነው።

ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ወጥቶ «ባትሪው ተበላሸ» ለሚለኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ 2,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ ከመንገዱ ፍጆታ ሌላ ለአቀበቱ ብቻ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትከፍላለች።

ሌሊት እየሞላች ሳለ በራሷ ታቆማለች፣ ወይም ሶኬቱ ይሸታል

ከአሥር ጥሪ ሰባቱ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ባለቤቱ ማታ ሰክቶ ይተኛል፣ ጠዋት ባትሪው 40 በመቶ ላይ ቆሞ ያገኘዋል፣ ነቅሎ ሲሰካው ደግሞ ይሠራል፤ ስለዚህ «መብራት ሄዶ ነው» ብሎ ይተወዋል። በሁለተኛው ሳምንት የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ በሦስተኛው ሶኬቱ ቡናማ ይሆናል።

ምክንያቱ የላላ ንክኪ ነው። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ለስምንት፣ ለአሥር ሰዓት ያለ ዕረፍት ይስባል፤ ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ ግን ለደቂቃዎች ሠርቶ ያርፋል። በሶኬቱ ውስጥ ግማሽ ኦም ብቻ የሚሆን የላላ ንክኪ ቢኖር በ10 አምፔር 50 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወለዳል፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ ከሚያቀልጥበት ካውያ ጋር እኩል ነው። አምፔሩ ወደ 16 ከፍ ሲል ሙቀቱ በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ 128 ዋት ይሆናል። «ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልጣለም?» ብለው ይጠይቁኛል። ብሬከሩ የሚያየው 10 አምፔር ብቻ ነው፣ 10 አምፔር ደግሞ ለእሱ ጤናማ ነው፤ እሳቱ ቢነሣ እንኳ የሚጥለው ሽቦዎቹ ቀልጠው ሲነካኩ ነው።

በፍኖተ ሰላም አንድ አባት «ልጄ፣ መኪናይቱ ሌሊት ሌሊት ታኮርፋለች» ብለው ጠሩኝ። ቻርጀሩ ከቻይና የመጣ በመሆኑ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ እሱን ከእኛ ክብ ቀዳዳ ጋር ለማስማማት ከገበያ አዳፕተር ገዝተው፣ አዳፕተሩን ዲቫይደር ላይ፣ ዲቫይደሩንም ሶኬት ላይ ሰክተውታል። አዳፕተሩን ስነቅል ጥርሱ በቀዳዳው ቀረ። ከኪሴ የማልለየውን ትንሽ ማግኔት ሳስጠጋበት ጥርሱ ተንጠልጥሎ ወጣ፤ ነሐስ ነው ተብሎ የተሸጠው ቢጫ የተቀባ ብረት ነበር። ይህን ዕቃ የሚያስመጣውም የሚሸጠውም ሰው እቤቱ አይሰካውም ብዬ አምናለሁ። በእንጅባራ ደግሞ ብርዱ እንዳይነካው በማለት የቻርጀሩን ሳጥን በጋቢ ጠቅልሎ ያሳደረ ወጣት ገጥሞኛል፤ ሳጥኑ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ሲያጣ ራሱን ማጥፋቱ ባሕርይው ነውና ጋቢውን ብቻ አንሥቼ መጣሁ።

መመርመሪያው እጅ ነው። ቻርጁ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፊትና የመሰኪያውን ጀርባ በእጅ ጀርባ ይንኩ፤ ለብ ማለቱ ምንም አይደለም፣ እስከ አሥር እየቆጠሩ እጅዎን ማሳረፍ ካልቻሉ ግን የዚያኑ ሌሊት ያቁሙት። ከዚያ ብሬከሩን ጥለው፣ በቴስተር አረጋግጠው፣ ሶኬቱን ይፍቱት። ብዙ ጊዜ የማገኘው ከሦስቱ አንዱን ነው፦ ብሎኑ በካቻቢቴ ሩብ ዙር የሚዞር፣ ሽቦው ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር)፣ ወይም በግድግዳው ውስጥ መዳብና አልሙኒየም ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለ። ሦስተኛውን ያየ ሰው ሶኬት በመቀየር አይድከም፤ ሁለቱ ማዕድናት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉና መስመሩ ከሥሩ ይነሣል።

ትክክለኛው መፍትሄ ከማከፋፈያው ቦርድ እስከ መኪናዋ ማቆሚያ ሌላ ነገር የማይጋራው 4 ካሬ የመዳብ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ሰማያዊው ክብ የፋብሪካ ሶኬት ነው። ቻይና ሠራሹን መሰኪያ ቆርጦ በዚህ መቀየር ከአዳፕተር ሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም አንዳንዱ ገመድ መሰኪያው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ቀጭን ሽቦ ስላለው ሳያዩ አይቁረጡ። ብሎኖቹን ከሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ በየሌሊቱ መሞቅና መቀዝቀዝ ያላላቸዋል። እንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ በዚህ መስመር ላይ በፍጹም አይሰካ።

ቀይ መብራት በርቶ «ኧርዝ የለም» ይላል

ኧርዝ ያፈተለከን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። ቻርጀሩ በክረምት ሠርቶ በመጋቢት እምቢ የሚል ከሆነ የምድር ዘንጉ የተቀበረበት አፈር ደርቋል ማለት ነው። በባሕር ዳር ብዙ ሰፈር ጥቂት ሲቆፈር ጥቁር ድንጋይ ስለሚገኝ ሠራተኛው 40 ሳንቲ ሜትር የፌሮ ብረት ሰክቶ ይሄዳል። ቢያንስ 1.5 ሜትር ዘንግ የመታጠቢያ ውኃ በሚፈስበት በኩል ይቀበር፤ ድንጋዩ እምቢ ካለ ሁለት ሦስት ዘንግ ተራርቆ በመዳብ ይያያዝ።

ከዚህ በታች ያለውን አጥብቄ እላለሁ፦ ቻርጀሩን ለማታለል በሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ሰው ይገድላል። ኒውትራሉ ከፖሉ ላይ የተበጠሰ ዕለት የመኪናዋ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፣ መጀመሪያ የሚነካትም መኪና የሚያጥበው ልጅ ነው። ይህን ያደረገ ባለሙያ አራት ጊዜ ተከትዬ ገብቻለሁ፤ አራቱም ቤት ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

በመንግሥት መብራት ትሞላለች፣ በሶላር ግን እምቢ ትላለች

ከመስመር ውጭ የሚሠራ ኢንቨርተር፣ ማለትም የሶላሩን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ኒውትራሉ ከምድር ጋር አልተያያዘም፤ ስለዚህ ቻርጀሩ ኧርዝ አጣሁ ብሎ ያቆማል። እዚህ ላይ ማያያዣው የሚሠራው በኢንቨርተሩ መውጫ፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በባለሙያ እጅ ሲሆን፣ የመንግሥቱ መብራት ሲመለስ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ ሊኖረው ይገባል። ከላይ የከለከልኩትና ይህ አንድ አይደሉም።

መኪናዋ ሌሊት ስትሞላ የሶላሩን ባትሪ የምትጨርስ ከሆነ ስሌቱን እንመልከት። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከብክነቱ ጋር 7.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። ባለ 550 ዋት አራት ፓናል በበጋ ጥርት ያለ ቀን ይህን ያመነጫል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት መኪናዋ ቢሮ በር ላይ ቆማለች። ማታ ከሁለት የ200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ለመሙላት የሞከረ የዳንግላ ደንበኛዬ ባትሪዎቹን በዓመቱ ቀበረ፤ ሁለቱ ቢደመሩ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ናቸው፣ ያለ ጉዳት የሚሰጡትም ግማሹን ነው። በነዳጅ ያተረፈውን ሁሉ ባትሪ ገዛበት። በፀሐይ የሚሞላ ሰው ቅዳሜና እሑድ፣ ወይም ምሳ ሰዓት መኪናውን ቤት አምጥቶ፣ አምፔሩን ፓናሉ በሚሰጠው ልክ ወስኖ በቀጥታ ይሙላ።

ምርቱ በጥር ከወረደ የውድማ ብናኝና የከሰል ጢስ ነው፤ ማለዳ ፓናሉ ሳይሞቅ በውኃ ይታጠብ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ከወረደ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አድጓል፤ በተከታታይ የተያያዙ ፓናሎች ከአንዱ ጥላ ሁሉም ይጎዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከወረደ ግን ምንም አልተበላሸም፣ እኔንም አይጥሩኝ፤ እስከ መስከረም በቆጣሪው ይሙሉ።